ነጯ ገባች

ከሌሊቱ አስር ሰዓት በር ሲሰበር ሰማሁ፣
የእኔ መስሎኝ ነው፣ ዱላዬን ይዤ ተነሳሁ።
አልነበረም። የኢምቲያዝ ነው፣ ግድግዳ የምጋራው ጎረቤቴ፤
በፒጃማ ሲያወጡት አየሁት በመስኮቴ።
ዝናብ ነበር። ኦልድሃም ላይ ዝናብ መች ይጠፋል?
አንዱ ፖሊስ ጃንጥላ ያዘለት፤ ይህም መነገር ይገባዋል።

ጠዋት ሻይ ሳላፈላ ቴሌቪዥኑ ቀደመኝ፣
ሚኒስትሩ ክራቫታቸውን ነካ አድርገው "ታላቅ ጥፋት ከሸፈ" አሉኝ።
ስንት ሰው ሊያልቅ እንደነበር፣ በቁጥር፤
የት ሊሆን እንደነበር፣ በምስጢር።
ሟቹ የተቆጠረ፣ ቦታው ያልታወቀ፤
ይህን ሰምቶ ማን ጠየቀ?

እኔ ግን አልሳቅሁም።
እውነተኛውን አውቀዋለሁና መቀለድ አይሆንልኝም።
የእህቴ ልጅ ዴሬክ፣ አንድ ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ፣
በአንድ እግሩ ነው የተመለሰ፣ ሌላውን እዚያው ትቶ።
ያን ቀን ጅብ ከሄደ ነው ውሻው የጮኸው፤
ዛሬ ደግሞ ጅቡ ሳይመጣ ጮኸ፤ የቱን ልመነው?
ማመን እፈልጋለሁ እኮ። ለዕንቅልፌ ስል።

ማስረጃ ተብሎ የወጣው አንድ ደብተር ነው፣
ሽፋኑ አረንጓዴ፣ ጠርዙ የወየበው።
"ነጯ ቅዳሜ ትለቀቃለች፣ ከካርላይል ጣቢያ።"
"ግራጫው አልተመለሰም። ሁለቱ ለመጠባበቂያ።"
"ነፋሱ ከምሥራቅ ከሆነ ይቆይ።"
ሊቃውንቱ በጓንት እጃቸው እያገላበጡ፣
ሰሙን ወዲያ ብለው ወርቅ ፍለጋ ወጡ።
ነጯ የማን ሚስት ናት? ግራጫው የት ቀረ?
ነፋስ የተባለውን ሰውዬ ማን አሰማራው፣ ከማንስ ጋር መከረ?

እኔን ቢጠይቁኝ! ሠላሳ ዓመት ካጠብኩት አንሶላ ላይ
ኩሷን ስጠርግ የኖርኩ፣ ነጯን አውቃታለሁ ከሩቅ ሳይ።
ርግብ ናት። የእሽቅድምድም ርግብ።
አንዳንዱ ቅኔ ሰም ብቻ ነው፣ ወርቅ አይወጣውም ቢታለብ።

የፖስታ ቤቷ ማቪስ "እሳት በሌለበት ጭስ የለም" አለችኝ፣
ቴምብሩን እየላሰች፣ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ።
"ዶሪን፣ ምንም አልሆነም እኮ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?
ባቡሩ በሰላም ገባ፣ ሰዉ በሰላም ወረደ፤ ይኸውልሽ።"
ሟቹ ባሌም ከመጠጥ ቤት ሲመጣ፣ ጣቱን እያጠፈ፣
ስንት ጠብ በዚያች ማታ በእሱ ብልሃት እንደከሸፈ
ይቆጥርልኝ ነበር። ደግሞ እኮ አንዳንዱ እውነት ይሆናል።
እሱ ግን የሰው በር አልሰበረም፤
የሰበረው የእኛኑ ነው፣ ቁልፍ ጠፍቶት።

አስራ አራት ቀን። በአስራ አምስተኛው ለቀቁት፤ ያለ ክስ፣ ያለ ይቅርታ፣
የጫማው ክር በላስቲክ ከረጢት፣ በማታ።
ሚኒስትሩ ያን ዕለት ስለ ድልድይ ነበር የሚናገሩት።
የተሰበረውን በር ሰዎች መጥተው በጣውላ ገጠሙት፤
ኢምቲያዝ ጣውላውን ቀለም አልቀባውም።
ርግቦቹን ሸጠ። ገዢው ሲመሽ መጥቶ ጫነ፣ ስሙን አልሰጠም።
"ሰዓት ካልጻፍኩ" አለኝ "ርግብ ምን ይሠራልኛል?
ብጽፍስ ማን ያነብልኛል?"

ትናንት ልብስ ሳሰጣ
ጣራው ላይ አንድ ነገር አረፈ።
ቀና ስል፣ እሷ ናት፤
ከአዲሱ ጌታዋ አምልጣ፣ ባዶ ቆጥ ላይ ቆማ
አንገቷን ታዞራለች፤ ሌሎቹ የት ሄዱ? እንደማለት።
ኢምቲያዝ ሐኪም ቤት ነው፣ ለልቡ።
የገባችበት ሰዓት መመዝገብ አለበት፤ የጨዋታው ሕግ ነው።
ደብተሩ እስከ ዛሬ ፖሊስ ጋ ነው።
እርሳስ ፈለግሁ። የጋዝ ሂሳቡን ገለበጥኩት።
"ነጯ" ብዬ ጻፍኩና
እጄ ቆመ።

ተነሥቼ መጋረጃውን ዘጋሁ።
ከዚያ ቀሪውን ጨመርኩ፦
"ገባች። ዘጠኝ ከሩብ። ነፋሱ ከምሥራቅ።"